ወናፉን የነፋው ማን ነው?

ሰው ሩቅ መንገድ ለመሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ስንቁ ነው። አባቶቻችን ለዘመቻም ሆነ ለንግድ ከቤታቸው ሲነሡ፥ በሶው ተፈጭቶ፥ ቆሎው ተቈልቶ፥ ድርቆሹ በስልቻ ተቋጥሮ ካልቀረበ በቀር እግራቸውን ከደጃፍ አያወጡም ነበር። መንገደኛን ከሌላው ሰው የሚለየው መሄዱ ብቻ አይደለም፤ ምን ልያዝ፥ ምንስ ልተው ብሎ መምረጡም ጭምር ነው። በዚህ ዓመት ይህ ምርጫ በኔ ላይ ስለ ወደቀ፥ ያየሁትንና የተማርሁትን ለአንባቢዎች በአጭሩ ላቀርብ ወደድሁ።

እኔ በአሶሳ ከተማ በመምህርነት የምኖር፥ ዕድሜዬም ሠላሳ አራት ዓመት የሆነ ሰው ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቢስክሌት እወዳለሁ፤ ወደ ትምህርት ቤትም የምመላለሰው በቢስክሌት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በሩዋንዳ አገር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2020 ጀምሮ፥ ስለሚደረግ አንድ ውድድር ሰማሁ። መንገዱ ከኪጋሊ ተነሥቶ አገሩን ዞሮ ወደ ኪጋሊ የሚመለስ ሲሆን፥ ርዝመቱ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ዓይነት ውድድር ከተለመደው እሽቅድምድም የሚለየው ተወዳዳሪው ራሱን ችሎ የሚሄድበት በመሆኑ ነው። መለዋወጫ የጫነ መኪና አይከተለውም፤ ውሃ የሚያቀብለው፥ ጎማ የሚለውጥለት፥ ሲደክመው እግሩን የሚያሽለት ሰው የለም። ከሱቅ መግዛትና በእንግዳ ማረፊያ ማደር ይፈቀድለታል፤ ይህ ለሁሉም ተወዳዳሪ እኩል ክፍት ነውና። ለእርሱ ብቻ ተብሎ የሚደረግለት ርዳታ ግን የተከለከለ ነው። ሰዓቱም አይቆምለትም፤ ሲበላም፥ ሲጠግንም፥ ሲተኛም ይቈጠርበታል።

ነገሩ አዲስ መስሎ ይታይ እንጂ አሮጌ ነው። በዓለም የታወቀው የፈረንሳይ ዙር ውድድር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1903 ከተጀመረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት፥ ቢስክሌቱ የተሰበረበት ሰው ራሱ መጠገን ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ እየሰፋ ሄዶ መካኒኮችና ሐኪሞች በመኪና የሚከተሉት ሆነ። የጥንቱን ሥርዓት የሚወዱ ሰዎች ግን በዘመናችን መልሰው አቋቋሙት። ካናዳ ውስጥ ከምትገኘው ከባንፍ ከተማ ተነሥቶ በአሜሪካ ተራሮች አድርጎ እስከ ሜክሲኮ ድንበር የሚደርስ፥ 4400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ውድድር አለ፤ ለአሸናፊውም ሽልማት የለውም። ማይክ ሆል የተባለ እንግሊዛዊም በ2013 ከሎንዶን ተነሥቶ አውሮፓን በማቋረጥ እስከ ኢስታንቡል የሚዘልቅ ውድድር መሠረተ። ይኸው ሰው በ2017 አውስትራሊያን አቋርጦ ሲወዳደር፥ ሊነጋ ሲል መኪና ገጭቶት ሞተ። ይህን የማነሣው አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም፤ ዝግጅት የምንለው ነገር የቅንጦት ጉዳይ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

በአገራችንም ቢስክሌት እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልበርን ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ቢስክሌት ነጂዎች ነበሩ፤ ከነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። በቡድኑ ውድድር አገራችን ዘጠነኛ ወጣች። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳዩ ዙር ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በጎሚስታ ቤት የምንነጋገርባቸው ቃላት፥ ቸርኬና ኩሽኔታ፥ ብሎንና ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ፥ ከኢጣሊያ ቋንቋ መጥተው የኛ ሆነው ቀርተዋል። እንግዲህ እኔ የምሄድበት ጎዳና ቀድሞ የተረገጠ ነው፤ በአሶሳ ሆኖ ለእንዲህ ያለው ጉዞ መዘጋጀት ግን የራሱ ጠባይ አለው።

የመጀመሪያው ችግር ገንዘብ ነበር። ደመወዜ የመምህር ደመወዝ ስለ ሆነ፥ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ዕቁብ ገባሁ። ዕጣው ሲደርሰኝ ዘመዶቼ ተሰብስበው፥ «በዚህ ገንዘብ የምትታለብ ላም ይገዛበታል» አሉ። ነገራቸው እውነት ነበር። እኔ ግን በአዲስ አበባ ሌላ ሰው የነዳት፥ ቀለሟ የተላላጠ፥ አጥንቷ ግን ያልተጎዳ ቢስክሌት ገዛሁና በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኜ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው መንገድ አስመጣሁ። ለሩዋንዳ ጉዞ የሚያስፈልገውንም ከየወሩ ደመወዜ ማጠራቀም ጀመርሁ። አባቴ በዚያ ቀን ምንም አልተናገረም። ቢስክሌቷን ዞር ብሎ አይቶ፥ ጎማዋን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ፥ ዝም አለ። የአባቴ ዝምታ ከዘመዶቼ ንግግር ይልቅ አስጨነቀኝ።

ከዚያ በኋላ የዕቃ ዝርዝር በደብተር ወረቀት ላይ ጻፍሁ። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ስምንት ዓይነት ዕቃ ነበረበት። ዕቃውን በአንድ ከረጢት አድርጌ በእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ባስቀምጠው ዐሥራ ሰባት ኪሎ ሆነ። ነጋዴው ስቆ፥ «መምህር፥ ይህን ይዘህ የምትሄደው በቢስክሌት ነው ወይስ በአህያ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ነገር እየቀነስሁ ሄድሁ። ሁለተኛው ሱሪ ቀረ፤ ሁለተኛው ጫማ ቀረ፤ መጽሐፉ ቀረ፤ የጥርስ ብሩሹ እንኳ እጀታው በግማሽ ተቈረጠ። የቀሩት ሁለት የውስጥ ጎማዎች፥ ልጥፍና ማስቲሽ፥ መንፊያ፥ የሰንሰለት መፍቻ፥ የፍሬን ሽቦ፥ ፒንሳ፥ መርፌና ክር፥ የዝናብ ልብስ፥ ስስ ብርድ ልብስ፥ ፋኖስ፥ የቍስል መድኃኒትና ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ በጥብጦ የሚጠጣው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ናቸው። ክብደቱ ስምንት ኪሎ ላይ ሲደርስ ቈመ። ከዚያ በታች ለማውረድ ብሞክር የማስወጣው ነገር ሁሉ አንድ ቀን የምለምነው ነገር መስሎ ታየኝ።

ለዚህ ጉዞ የሚሆኑ ከረጢቶች በውጭ አገር ተሠርተው ይሸጣሉ፤ ዋጋቸው ግን ከኔ አቅም በላይ ነበር። ስለዚህ በገበያ አጠገብ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ከድንኳን ሸራ ሦስት ከረጢት ሰፋልኝ፤ አንዱ ከኮርቻው ኋላ፥ አንዱ ከመሪው ፊት፥ አንዱም በቢስክሌቷ አጥንት መካከል የሚታሰር ነው። የኋለኛው እየወረደ ጎማውን ቢነካብኝ፥ በአካባቢያችን እንደ ልብ የሚበቅለውን ሽመል ሰንጥቄ እንደ ርብራብ አበጀሁለት። የቤኒሻንጉል ቀርከሃ ቤት ይሠራል፥ አጥር ይሆናል፤ ለኔም የቢስክሌት ጭነት ተሸከመ።

ስንቁን በሚመለከት እናቴ መሪ ሆነችኝ። እርሷ በወሎ ልማድ በሶ አዘጋጅታ ልትሰጠኝ ፈለገች፤ ነገር ግን ገብስ የደጋ እህል ስለ ሆነ በእኛ ቆላማ አገር አይበቅልም፥ ከሩቅ የሚመጣውም ውድ ነው። የአሶሳ ምድር የሚሰጠው ማሽላና በቆሎ፥ ለውዝና ሰሊጥ፥ ማንጎም ነው። ስለዚህ ለውዙን ቈልታ፥ ከሰሊጥ ጋር ወቅጣ፥ በማር ለውሳ በትናንሹ አድቦለቦለችልኝ። አንዱን ጕርሻ አፌ ውስጥ አድርጌ ረጅም ዳገት እወጣበታለሁ። የሰውነት ጕልበት በቢስክሌት ላይ ሲያልቅ ቀስ እያለ አያስታውቅም፤ ሰው በገደል አፋፍ ላይ ድንገት እንደሚቆም ያህል፥ በድንገት እግር አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ ሳይራብ መብላት፥ ሳይጠማም መጠጣት የዚህ መንገድ የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

መንገዱን መለማመድ የጀመርሁት ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ነው። ደርሶ መልሱ ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ለአንድ ቅዳሜ የሚበቃ ነው። ከባምባሲ አልፎ እስከ ዳቡስ ወንዝ፥ ከዚያም ወደ መንዲ መዝለቅ እመኝ ነበር፤ ነገር ግን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ከዳቡስ ማዶ ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ሥጋት ያለበት በመሆኑ፥ ያንኑ አጭሩን መንገድ ደጋግሜ መመላለስ ግድ ሆነብኝ። ሩዋንዳ የሺህ ኮረብታዎች አገር እየተባለ ስለሚጠራ፥ በከተማችን አቅራቢያ ያለውን አንዱን ዳገት በአንድ ጥዋት ዐሥር ጊዜ እየወጣሁ እወርድ ነበር። በዳገቱ ሥር የሚቀመጡት ልጆች ስቈጥር ሰምተው ኖሮ፥ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እነርሱ ይቈጥሩልኝ ጀመር፤ ሲሳሳቱም ሁልጊዜ የሚሳሳቱት በማሳነስ ነበር።

በአሶሳ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዚያን ጊዜ ከዋናው መንገድ የሚገነጠሉት የአፈር መንገዶች ቀይ ጭቃ ስለሚሆኑ፥ ጭቃው በጎማና በፍሬን መካከል ገብቶ ቢስክሌቷን እንደ ተቸነከረች ያቆማታል። በበጋ ደግሞ መንገዱ እንደ ጎድን አጥንት ይሸነሸንና እጅን እስከ ክርን ያደነዝዛል። የጎማዬን ነፋስ በመጠኑ ባጎድለው ንዝረቱ እንደሚቀል ያወቅሁት ብዙ ከተሠቃየሁ በኋላ ነው። ሌሊት ለመንዳትም ተለማመድሁ። ፋኖሴን ከፊት፥ ቀይ መብራቴን ከኋላ፥ የሚያብለጨልጭ ጨርቅ በወገቤ አስሬ በሰዓታት አሳብሬ እንቅልፍን ሞከርሁ። በእናቴ በረንዳ ላይ ሦስት ሰዓት ተኝቼ፥ ገና ሌሊት ተነሥቼ ስሄድ ያየችኝ እናቴ፥ «ይህን ልጅ ጅኒ ነካው እንዴ?» ብላ አባቴን ቀሰቀሰችው። አባቴ ግን፥ «ተይው፥ ይሂድ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ታኅሣሥ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ ሄጄ በዚያው ቀን ለመመለስ ተነሣሁ። ኩርሙክ በሱዳን ድንበር ላይ የምትገኝ ስትሆን፥ ከአሶሳ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ ከ1500 ሜትር በላይ ከሆነው ከአሶሳ ከፍታ ተነሥቶ፥ በሆሞሻ በኩል እያሽቈለቈለ ወደ በረሓው ቆላ ይወርዳል። ጥዋት ብርድ ብርድ ያለኝ ሰው፥ ረፋዱ ላይ ከነፋሱ ሙቀት የተነሣ ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ።

በዚያ መንገድ ላይ ከኔ ሌላ ዕቃውን መርጦ የተነሣ መንገደኛ አየሁ። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ወደ አገራችን ገብቷል። አንዲት እናት ልጅ አዝላ፥ በራሷ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ፥ በእጇም አንድ ጥቁር ጀበና ይዛ በመንገዱ ዳር ትሄድ ነበር። ኋላዋ የሚከተለው ልጅ የያዘው አንድ ነገር ብቻ፥ ይኸውም የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ነው። እኔ በሚዛን የመዘንሁትን ስምንት ኪሎ ይዤ በአጠገባቸው አለፍሁ። ሴትዮዋ አልተመለከተችኝም። እኔ ግን በዕቃ ዝርዝሬ ላይ ያጠፋሁትን ጊዜ ሁሉ በዚያች ደቂቃ አፈርሁበት።

ከኩርሙክ ስመለስ እሾህ የኋላ ጎማዬን ወጋው። ለጥፌ ተነሣሁ። ብዙም ሳልሄድ ሌላ እሾህ ወጋው፤ ማስቲሹ በሙቀቱ ደርቆ ስለ ነበር አዲስ የውስጥ ጎማ አገባሁ። ጥገናው በጠራራ ፀሐይ ስለ ተደረገ የያዝሁትን ውሃ ጨረስሁ። ቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ ነበር። በዚያን ጊዜ በአንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ የበርታ ሽማግሌ አየሁ። እኔን ባዩ ጊዜ በእጃቸው ምልክት አደረጉና አንዲት ዐሥር ዓመት ያህል የሚሆናት ልጅ ወደ ቤት ላኩ። ልጅቷ በቅል ውሃ ይዛ እየሮጠች መጣች። ቢስክሌቴን አቁሜ ሰላምታ ሰጠሁና፥

«አባባ፥ አላህ ይስጥልኝ፤ ነገር ግን መጠጣት አልችልም» አልሁ።

«ጾመኛ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ሐኪም ከልክሎሃል?»

«የለም አባባ፤ የውድድር ሕግ ነው። ከሰው ርዳታ አልቀበልም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው በስተኋላዬ ያለውን መንገድ እስከ ዳር ድረስ ተመለከቱ። ከዚያም በስተፊቴ ያለውን ተመለከቱ። መንገዱ በሁለቱም በኩል ባዶ ነበር።

«ልጄ፥ የምትወዳደረው ከማን ጋር ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ቅሉን ይዛ ጥቂት ከቈመች በኋላ ወደ ሽማግሌው አየች፤ እርሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእንግዳ የወጣ ውሃ ወደ እንስራው አይመለስምና፥ ልጅቷ ውሃውን በማንጎው ግንድ ሥር አፈሰሰችው። ደረቁ መሬት ውሃውን ሲመጠው ድምፁ ይሰማኝ ነበር። እኔም ጕሮሮዬ ደርቆ ሄድሁ፤ ሆሞሻ ደርሼ ከሱቅ የታሸገ ውሃ ገዝቼ ጠጣሁ። በውድድሩ ሕግ ይህ የተፈቀደ ነው፤ ሱቁ ለሁሉም ክፍት ነውና። በነፃ የተሰጠኝን እምቢ ብዬ በገንዘብ የገዛሁት ያ ውሃ ግን ደስ አላለኝም።

አባቴ የሚኖረው ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብሎ ካሉት፥ በቍጥር ከሚጠሩት አምባዎች በአንዱ ነው። እነዚህ አምባዎች በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ምክንያት በዘመነ ደርግ ከወሎና ከሌሎችም ክፍላተ ሀገር ተነሥተው የሠፈሩ ሰዎች ያረፉባቸው ናቸው። በመላ አገሪቱ በዚያና በሚቀጥለው ዓመት የሠፈረው ሕዝብ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ነው። አባቴ ከቃሉ አውራጃ ሲመጣ ሃያ ዓመት ገደማው ነበር። ስለዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ ጠይቄው ያውቃል፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለፈ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች።

በዚያ ሳምንት እሑድ ማታ፥ እናቴ ቡና እያፈላች፥ የሽማግሌውን ነገር ላወራው አፈርሁና ስለ ሌላ ሰው አወራሁት። ይኸውም ስለ ፈረንሳዊው ኤውጄን ክሪስቶፍ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1913 በፈረንሳዩ ዙር ውድድር ሲሳተፍ፥ ቱርማሌ በተባለው ተራራ ላይ የቢስክሌቱ የፊት ሹካ ተሰበረበት። ቢስክሌቱን ተሸክሞ ከዐሥር ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ በአንዲት መንደር ከብረት ቀጥቃጭ ቤት ገባ። ሕጉ ርዳታ ስለሚከለክል፥ ዳኞቹ ቆመው እየተመለከቱት፥ ራሱ ብረቱን አግሎ፥ ራሱ ቀጥቅጦ፥ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሹካውን ሠራ። ነገር ግን እርሱ ሲቀጠቅጥ አንድ ትንሽ ልጅ ወናፉን ነፍቶለት ስለ ነበር፥ ዳኞቹ ርዳታ ተቀበልህ ብለው ዐሥር ደቂቃ ቀጡት፤ በኋላም ቅጣቱ ወደ ሦስት ደቂቃ ዝቅ አለለት። እርሱም ውድድሩን ሳያቋርጥ ፈጸመ።

አባቴ ስኒውን አስቀመጠና ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

«ሕጉን ያወጣው ሰው ብረት ሲቀጠቀጥ አይቶ አያውቅም» አለ። «አንዱ እጅ ጕጠት፥ አንዱ እጅ መዶሻ ከያዘ፥ ወናፉን በምኑ ሊነፋው ነው? በእግሩ?»

ከዚያም ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ።

«ከአገር ስንነሣ ልንይዝ የምንችለው በእጃችን የምናነሣውን ብቻ ነበር። ሰው ድስቱን ያዘ፥ ጋቢውን ያዘ። እኔ የማረሻዬን ብረት ያዝሁ። በሬዎቼ ሞተዋል፥ ሞፈሩ ቀርቷል፥ ቀንበሩ ቀርቷል፤ እኔ ማረሻውን በጨርቅ ጠቅልዬ በብብቴ ያዝሁ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሁለት ኪሎ ብረት! እዚህ ስንደርስ መሬቱን የሚያርሰው ትራክተር ሆነ። በሬ ያመጣ ሰው ቢኖር ገንዲ ይገድልበታል። ማረሻዬ ከአልጋ ሥር ገባ። ስብሰባ በተጠራ ቍጥር፥ ራሳችሁን ቻሉ፥ ራሳችሁን ቻሉ ይሉናል። እኛስ ራሳችንን ችለን መቆም መች ጠላን፤ ወባው ነው እንጂ ያላቆመን።

«በመጀመሪያው ክረምት ታመምሁ። ውሃ ልቀዳ ወርጄ ከወንዙ ዳር ወደቅሁ። ያነሣኝ አንድ የበርታ ሰው ነው። ቋንቋውን አላውቅም፥ ቋንቋዬን አያውቅም። ወደ ቤቱ ወሰደኝ፤ የማሽላ ገንፎ ሰጠኝ፥ ውሃ ሰጠኝ። ዐሥራ ሁለት ቀን በቤቱ ተኛሁ። የሠፈርነው እርሱ ያርስበትና ያድንበት በነበረው መሬት ላይ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። እርሱ ግን በዚያን ጊዜም ያውቀው ነበር።

«ድኜ ስነሣ የምከፍለው የለኝም። ያን ጊዜ ማረሻዬ ትዝ አለኝ። ከእኛው መካከል ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ወደርሱ ወሰድሁና ሁለት መኮትኮቻ እንዲያወጣልኝ ለመንሁት። ያ የበርታ ሰውም ምን ልሠራ እንደ ሆነ ሊያይ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ቀጥቃጩ እሳቱን ሲያነድ፥ እኔ ገና አቅም አልነበረኝም፤ ሰውዬው ዝም ብሎ ቍጭ አለና ወናፉን ይነፋ ጀመር። አንዱን መኮትኮቻ ለእርሱ ሰጠሁት፥ አንዱን ወሰድሁ። በዚያች መኮትኮቻ የዘራሁት ማሽላ ነው እናትህን ያገባሁበት።»

እናቴ ቡናውን መቅዳት አቁማ ታዳምጥ ነበር። ይህን ታሪክ እርሷም ሙሉውን ሰምታው አታውቅም ኖሯል። እኔም ያን ጊዜ የማንጎውን ሽማግሌና የፈሰሰውን ውሃ ነገር ነገርሁት። እንደሚቈጣ ጠብቄ ነበር፤ አልተቈጣም።

«አብሽር» አለኝ። «ቃል የገባህበት ሕግ ከሆነ አክብረው። ቃል ትልቅ ነው። ግን ውሃ ይዞ የቆመን ሰው ፊት አትንሣው። ጠጣና፥ ጠጥቻለሁ በላቸው፤ ይቅጡህ። ያ ፈረንጅ ተቀጥቶስ መንገዱን ጨርሶ የለ?»

አንባቢዬ ሆይ፥ እኔ የውድድሩን ሕግ አላቃልልም። ሁሉም በእኩል እንዲሄድ፥ ባለጸጋው ድኻውን በገንዘብ ብዛት እንዳይቀድመው የተደረገ ሥርዓት ስለ ሆነ ፍትሕ አለበት፤ እኔን የመሰለ የሸራ ከረጢት የያዘ መምህር ከባለ ብዙ መኪናው ጋር ሊሰለፍ የቻለውም በዚሁ ሕግ ምክንያት ነው። የተሳሳትሁት ራስን መቻል ማለት ለማንም አለመበደር ነው ብዬ ማሰቤ ላይ ነው። ቢስክሌቷን የገዛሁት ባልደረቦቼ በሰበሰቡት ዕቁብ ነው፤ ስንቄን የወቀጠችው እናቴ ናት፤ ዳገቱን የቈጠሩልኝ የመንደር ልጆች ናቸው። ከመነሻው መሥመር በፊት ያለው መንገድ በሌሎች ሰዎች እጅ የተሠራ ከሆነ፥ ሕጉ የሚለካው የመጨረሻዋን አንዲት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ወስኛለሁ። ሩዋንዳ በምሄድበት ጊዜ በሕጉ መሠረት ራሴን ችዬ እሄዳለሁ፥ ርዳታም አልፈልግም። ነገር ግን ሰው ከቤቱ ወጥቶ ውሃ ቢያቀርብልኝ እጠጣለሁ፤ ከዳኞቹም ዘንድ ደርሼ ራሴ እናገራለሁ፥ ቅጣቱንም እቀበላለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው በኩርሙክ መንገድ ተመለስሁ። ሽማግሌው በማንጎው ሥር እንደ ተቀመጡ ነበሩ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ልጅቷን አልላኳትም፤ ፈገግ ብለው ብቻ ጠበቁኝ። ከቢስክሌቴ ወርጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁና፥

«አባባ፥ ዛሬ ውሃ ልጠይቅዎ መጣሁ» አልኋቸው።

«ሕጉ ተሻረ?»

«አልተሻረም። ቅጣቱን እከፍላለሁ።»

«ስንት ነው ቅጣቱ?»

«ቀድሞ አንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ከፍሏል።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፥ «የእኛ ውሃ ከዚያ ይበልጣል፤ ተቀመጥ፥ ጥላው እስኪዞር ድረስ አትነሣም» አሉኝ። ልጅቷም ቅሉን አመጣችልኝ። ውሃው የጢስ ጢስ ይሸት ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሁሉንም ጠጣሁት። ጥላው ዞሮ ስነሣ ኮዳዬን ተቀብላኝ እስከ አፉ ሞልታ መለሰችልኝ። በእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ ቢወጣ አንድ ኪሎ ይጨምራል።